የተበታተነ ፋይልን ማሰባሰብ ኮምፒዩተርን ያፈጥናልን?

በኮምፒዩተር ጥገና መማሪያዎች ውስጥ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች አንደበትም ሆነ በተማሪዎች ዘንድ፥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አንድ ምክር አለ። ይኸውም «ኮምፒዩተርህ ቢዘገይብህ ሃርድ ዲስኩን ዲፍራግ አድርገው፤ ይፈጥንልሃል» የሚል ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሲነገር ስለ ኖረም አብዛኛው ሰው ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ምክር እንደ አንድ የሳይንስ አስተያየት ቈጥረን ልንመረምረው አስበናል። የምንጠይቀውም ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ምክሩ በተነሣ ጊዜ ምን ምክንያት ነበረው? ሁለተኛ፥ ያ ምክንያት ዛሬ በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ ይገኛል? ሦስተኛ፥ ምክሩን ለመደገፍ የሚቀርቡት ማስረጃዎች በርግጥ ማስረጃ ናቸውን?

ጥያቄው እንዲህ መርማሪ የሚያሻው አይደለም የሚል ሰው ቢኖር የሚከተለውን ያስብ። ለዲግሪ የሚያበቃውን ጽሑፍ በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ ያኖረ ተማሪ፥ ዲስኩ ሊበላሽ ሲቃረብ የሚያሳየውን መዘግየት የፋይል መበታተን ነው ብሎ ቢገምትና ሌሊቱን ሙሉ ዲፍራግ ሲያደርግ ቢያድር፥ የዓመታት ድካሙን በአንድ ሌሊት ሊያጣ ይችላል። እንደዚሁም የማስታወሻ እጥረት ያለበትን መኪና በዲፍራግ ለማፍጠን የሚሞክር መሥሪያ ቤት ጊዜውንና ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ሲሆን የት ላይ ትክክል እንደ ሆነ፥ ስሕተት ሲሆንም የት ላይ ስሕተት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ጥቅም አለው እንላለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ፋይል እንዴት ይበታተናል

ሃርድ ዲስክ በውስጡ መግነጢሳዊ ቅብ የተቀቡ፥ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ክብ ሰሌዳዎች አሉት። በሰሌዳዎቹም ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ክንድ አለ፤ በክንዱ ጫፍ ያለችው ራስ ጽሑፉን ታነብባለች፥ ትጽፋለችም። አንድን ነገር ለማንበብ ሁለት ጊዜ መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ መጀመሪያ ክንዱ ወደሚፈለገው መሥመር እስኪደርስ፥ ቀጥሎም የሚፈለገው ስፍራ በሽክርክሪቱ ከራሷ ሥር እስኪመጣ ድረስ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.33 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል፤ ስለዚህ በአማካይ የግማሹን ዙር ጊዜ፥ ማለት 4.17 ሚሊሰከንድ ያስጠብቃል። ክንዱ ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ በተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ዲስክ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 13 ሚሊሰከንድ ይደርሳሉ። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የክርክሩ ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና።

አሁን አንድ መዝገብ ቤት በአሳባችን እንመልከት። ወረቀት የሚቀመጥባቸው ሳጥኖች ሁሉ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዱም ቍጥር አለው። መዝገብ ቤቱ አዲስ በነበረ ጊዜ የአንድ ጉዳይ ወረቀቶች በተከታታይ ሳጥኖች ይቀመጡ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንዱ ጉዳይ ተዘግቶ ወረቀቱ ሲወገድ በመካከል ባዶ ሳጥኖች ይገኛሉ። ሠራተኛውም አዲስ የመጣውን ረጅም ጉዳይ ሦስቱን ወረቀት እዚህ፥ አምስቱን እዚያ፥ የቀረውን ከወዲያኛው ክፍል እያደረገ ያስቀምጣል፤ የት የት እንዳስቀመጠውም በደብተር ይጽፋል። ወረቀቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን ጉዳዩን አምጣ ሲባል ብዙ መመላለስ ይኖርበታል። የዲስክም ሁኔታ ይኸው ነው። ሳጥኑ ክላስተር ይባላል፤ ደብተሩ የፋይል ሠንጠረዥ ነው፤ የሠራተኛው እግር ደግሞ ያ ክንድ ነው። ዲፍራግ ማድረግም የአንዱን ጉዳይ ወረቀቶች ሰብስቦ በተከታታይ ሳጥኖች ዳግመኛ ማስቀመጥ ማለት ነው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ነገር በግልጽ ይታያል። ማሰባሰብ የሚቀንሰው የእግሩን መንገድ ብቻ ነው። ወረቀቱን የሚያነበውን ሰው ዐይን አያፈጥነውም፤ የጠረጴዛውንም ስፋት አይጨምርም። በኮምፒዩተር ቋንቋ እንናገር ብንል፥ ዲፍራግ ፕሮሰሰሩን አያፈጥንም፥ ራሙንም አያሰፋም። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩን ያፈጥናል» ማለት ከመነሻው የሰፋ አነጋገር ነው። ትክክለኛው አነጋገር «ኮምፒዩተሩ የተበታተነ ፋይል ከዲስክ እስኪያነብ የሚጠብቀውን ጊዜ ያሳጥራል» የሚለው ነው።

ስሌቱ ምን ይላል

መቶ ሜጋባይት የሚሆን አንድ ፋይል በሰከንድ መቶ ሜጋባይት ከሚያነብ ዲስክ ላይ አለ እንበል። ሳይበታተን ቢቀመጥ ንባቡ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። በአሥር ቦታ ቢከፈል አሥር ጊዜ 13 ሚሊሰከንድ፥ ማለት የሰከንድ መቶኛ 13 ይጨመርበታል፤ ይህንን ልዩነት ማንም ሰው ተቀምጦ ቢጠብቅ አያስተውለውም። በአንድ ሺህ ቦታ ቢከፈል ግን የሚጨመረው 13 ሰከንድ ነው፤ የአንድ ሰከንድ ሥራ 14 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ይህ በርግጥ ከባድ መዘግየት ነው፤ ምክሩን የሚሰጡ ሰዎችም በዚህ ላይ ትክክል ናቸው።

ነገር ግን ከዚሁ ስሌት ሌላ ነገር ይወጣል። ቍርጥራጩ እያንዳንዱ 64 ሜጋባይት ቢሆን፥ አንዱን ለማንበብ የሰከንድ መቶኛ 64 ይወስዳል፤ የክንዱ መመላለስ የሚጨምርበት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ የፊልም ፋይል በሃያ ቦታ መከፈሉን አይቶ መደንገጥ ከንቱ ነው። ጉዳቱ የሚለካው በቍርጥራጮቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን በያንዳንዱም ስፋት ጭምር ነው።

ሦስተኛው ነገር ከሁለቱ ይልቅ የሚዘነጋ ነው። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት አምስት መቶ ትናንሽ ፋይሎችን ያነባል እንበል። እያንዳንዱ ፋይል ሙሉ ነው፤ አንዱም አልተከፈለም። የመበታተኑ መጠን ዜሮ ነው። ሆኖም ፋይሎቹ በዲስኩ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ከሆነ ክንዱ አምስት መቶ ጊዜ ይሄዳል፤ ይኸውም 6.5 ሰከንድ ይፈጃል። እንግዲህ መሣሪያው «ዲስክህ አልተበታተነም» ብሎ ሲመሰክር ክንዱ ሲመላለስ ይውላል ማለት ነው። እያንዳንዱን ፋይል በራሱ ማሰባሰብ ይህንን አያድንም፤ የሚያድነው አብረው የሚነበቡትን ፋይሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን አስቦ፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣና ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚነበቡትን ፋይሎች እየመዘገበ፥ መኪናው ሥራ በሚፈታበት ሰዓት በየሦስት ቀኑ ያህል ራሱ በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸው ነበር። ይህም ሥራ ተጠቃሚው በእጁ ከሚያደርገው ዲፍራግ የተለየ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።

የታሪክ ምስክርነት

የክንድ መመላለስ ችግር ከዲስክ ጋር የተወለደ ነው። አይ ቢ ኤም በ1956 ያወጣው፥ ለንግድ ከቀረቡት የመጀመሪያው የሆነው ራማክ 350 ዲስክ አምሳ ሰሌዳዎች ነበሩት፤ የሰሌዳው ስፋት 61 ሳንቲሜትር ያህል ነበር፤ አምስት ሚሊዮን ፊደላት ይይዝ ነበር። የሚፈለገውን ቦታ ለማግኘት በአማካይ 600 ሚሊሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እንደዚህ ባለ መኪና ላይ አንዲት አላስፈላጊ መንገድ ምን ያህል እንደምታስከፍል ለማንም ግልጽ ነው።

መበታተን ስለሚያደርሰው ጉዳት በጣም የታመነው ምስክር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ በበርክሌይ የተጻፈው ጥናት ነው። መክዩሲክ፥ ጆይ፥ ሌፍለርና ፋብሪ በ1984 ስለ ዩኒክስ ፈጣን የፋይል ሥርዓት ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ የቀድሞው የፋይል ሥርዓት አዲስ በተዘጋጀ ጊዜ በሰከንድ እስከ 175 ኪሎባይት ያነብ ነበር፤ ለጥቂት ሳምንታት በመጠኑ ከተሠራበት በኋላ ግን ወደ 30 ኪሎባይት ወረደ። ምክንያቱም ባዶ ቦታዎቹ ስለ ተደበላለቁ አዲስ ፋይል ሁሉ ተበታትኖ ይጻፍ ስለ ነበር ነው። ይህ ማስረጃ ስለ መበታተን የሚነገረው ሁሉ ተረት ነው ለሚሉት በቂ መልስ ነው።

ሆኖም ከዚህ ጥናት ልንማር የሚገባን ዋና ነገር ሌላ ነው። የጻፉት ሰዎች ለችግሩ ያገኙት መድኃኒት በየሳምንቱ ማሰባሰብ አልነበረም። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ፋይሉ ገና ሲጻፍ እንዳይበታተን አድርገው ሥርዓቱን አዲስ ሠሩት። ዲስኩን በክፍል በክፍል ከፈሉት፤ የአንድ ፋይል ክፍሎች ተቀራርበው እንዲቀመጡ አደረጉ፤ ለዚህም ሥራ የሚሆን ከመቶ አሥር እጅ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ እንዲቀር ወሰኑ። በዚህም ንባቡ እስከ አሥር እጥፍ ፈጠነ። በ2008 ለሥራ ብቁ ተብሎ የወጣው የሊኑክስ ኤክስት 4 ሥርዓትም በዚሁ መንገድ ሄዶ፥ የፋይሉ መጠን እስኪታወቅ ድረስ ቦታ መስጠቱን ያዘገያል። አፕልም በ2003 ባወጣው የማክ ኦኤስ አሥር ሦስተኛ እትም፥ ከ20 ሜጋባይት ያነሱ የተበታተኑ ፋይሎች ሲከፈቱ ሥርዓቱ ራሱ እንዲሰበስባቸው አደረገ።

ታዲያ ምክሩ እንዲህ የተስፋፋው ለምንድር ነው? መልሱ በማይክሮሶፍት መኪናዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የዶስና የመጀመሪያዎቹ የዊንዶውስ እትሞች ይሠሩበት የነበረው ፋት የተባለው የፋይል ሥርዓት ባዶ ቦታ ሲመርጥ ብዙ አይጠነቀቅም ነበር። ስለዚህ በ1993 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 6 ዲፍራግ የተባለውን ፕሮግራም ከሲማንቴክ ኩባንያ በፈቃድ ወስዶ አብሮ አቀረበ። ዊንዶውስ 95ም የራሱን ይዞ መጣ፤ በእስክሪኑ ላይ ባለቀለም ትናንሽ አራት ማዕዘኖች እየተንቀሳቀሱ ሲሰለፉ የሚያሳየውም ይኸው ነበር። በዚያን ዘመን ዲስኩ ዘገምተኛ፥ ራሙ ጥቂት፥ የፋይሉ ሥርዓት ቸልተኛ ነበር። ስለዚህ ምክሩ በዘመኑ መልካም ምክር ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ዊንዶውስ 2000 ዲፍራግ የሚያደርግ ፕሮግራም በኤንቲኤፍኤስ ሥርዓት ላይ አብሮ አቀረበ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ሥራውን ከተጠቃሚው እጅ ወስዶ በየሳምንቱ ረቡዕ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሰባት ሰዓት ራሱ እንዲፈጽመው አደረገ፤ ከ64 ሜጋባይት የሚበልጡትንም ቍርጥራጮች እንደ ተበታተነ አልቈጠራቸውም። ከላይ ያደረግነው ስሌት ይህ ውሳኔ ትክክል መሆኑን ያስረዳል። ያንንም ባለቀለም ሥዕል ከእስክሪኑ አስወገደው። እንግዲህ ከ2007 ወዲህ ያለ ዊንዶውስ የጫነ ሰው፥ መርሐ ግብሩን ካላጠፋው በቀር፥ «ዲፍራግ አድርገው» ሲባል መኪናው በራሱ የሚሠራውን ሥራ እንዲደግም እየተመከረ ነው።

የምክሩ ማስረጃዎች ሲመረመሩ

ምክሩን የሚደግፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቧቸው ማስረጃዎች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዱን በተራው እንመልከት።

የመጀመሪያው በመሣሪያው የሚታየው የመቶኛ ቍጥር ነው። «ከመቶ 27 ተበታትኖ ነበር፤ አሁን ዜሮ ሆኗል» ይባላል። ይህ ቍጥር መበታተንን ይለካል እንጂ ጊዜን አይለካም። የተበታተነው ፋይል ከዓመት በፊት የተጻፈና ማንም የማይከፍተው ከሆነ፥ ማሰባሰቡ ለማንም አንዲት ሰከንድ አላተረፈም። በአንጻሩ በየቀኑ የሚከፈት አንድ ትልቅ ፋይል በሺህ ቦታ ተከፍሎ ሳለ፥ ሌላው ሁሉ ሙሉ ስለ ሆነ የመቶኛው ቍጥር አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የመሥሪያ ቤትን ትጋት ባልተበታተኑ ወረቀቶች ብዛት ብቻ የሚለካ ተቈጣጣሪ፥ ባለጉዳዩ በር ላይ ስንት ሰዓት እንደ ቆመ አያውቅም።

ሁለተኛው ማስረጃ ዐይን ያየው ነው። ያ ባለቀለም ሥዕል ቀዩን ከሰማያዊው እየለየ ሲያሰልፍ ላየው ሰው፥ አንድ ታላቅ የማጽዳት ሥራ የተፈጸመ ይመስለዋል። ሥዕሉ ድካምን በሚገባ ያሳያል፤ ውጤትን ግን አያሳይም። በእኛ አስተያየት ምክሩ ከዘመኑ አልፎ እንዲኖር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሥዕል ነው። ሰው ሥርዐት ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለውም ፍጥነት የጨመረ ይመስለዋል።

ሦስተኛው «ሞክሬው ፈጥኖልኛል» የሚለው የግል ምስክርነት ነው። ይህንን ልንንቀው አይገባም፤ ነገር ግን እንዴት እንደ ተሞከረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዲፍራግ የሚያደርግ ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ የማይፈልጋቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋል፤ የቈሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ያደርጋል፤ ቫይረስ ይፈልጋል፤ በመጨረሻም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሣል። ከነዚህ አራትና አምስት ሥራዎች ፍጥነቱን ያመጣው የትኛው ነው? ይህ እስካልተለየ ድረስ ምስጋናውን ሁሉ ለዲፍራግ መስጠት የሚገባ አይደለም። ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ስርዓቱ አንድ ጊዜ ያነበበውን ፋይል በራም ያቈየዋል፤ ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት፥ ቢበታተንም ባይበታተንም፥ ፈጥኖ ይከፈታል። መጀመሪያውን ከዲፍራግ በፊት፥ ሁለተኛውን ከዲፍራግ በኋላ የለካ ሰው፥ የራሙን ውለታ ለዲስኩ መስጠቱ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛ ሙከራ ሊደረግ ቢታሰብ፥ በየጊዜው ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ፥ ያንኑ ፋይል ወይም ያንኑ ፕሮግራም፥ ብዙ ጊዜ በሰዓት መለካት ይገባል። ከዚያ ሌላ ምንም ነገር ሳይለውጡ ዲፍራግ ማድረግ፤ ቀጥሎም እንደዚያው ኮምፒዩተሩን እያስነሡ መለካት ነው። ይህ ሙከራ ከአንድ ኮምፒዩተርና ከአንድ ሰዓት በቀር መሣሪያ አይጠይቅምና፥ ለተማሪዎች ሥራ የሚመች ነው።

ክንድ የሌለው ዲስክ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለሚሽከረከረው ዲስክ ነው። ዛሬ በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ኤስኤስዲ የተባለው ነው። በዚህ ውስጥ የሚዞር ሰሌዳ የለም፤ የሚመላለስ ክንድም የለም። አንዱን ቦታ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ የሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቦታው ቢቀርብም ቢርቅም ልዩነት የለውም። በሺህ ቦታ የተከፈለውን ያንኑ ፋይል እዚህ ላይ ብናነበው፥ ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ቢቀርቡ እንኳ የሚጨመረው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ኤስኤስዲ ብዙ ጥያቄዎችን ባንድ ጊዜ ማስተናገድ ስለሚችል ይህም ራሱ ሊያንስ ይችላል። 13 ሰከንድ የነበረው እዳ ከሞላ ጎደል ተሰርዟል ማለት ነው።

በዚህም ላይ ኤስኤስዲ የራሱ ምስጢር አለው። ለስርዓቱ የሚነግረው የሳጥን ቍጥርና ወረቀቱ በርግጥ ያለበት ስፍራ አንድ አይደሉም። በውስጡ ያለው ተቈጣጣሪ ሁሉም ክፍል እኩል እንዲያረጅ ብሎ መረጃውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ እውነተኛውንም ቦታ በራሱ ሠንጠረዥ ይይዛል። እንግዲህ በኤስኤስዲ ላይ ዲፍራግ የሚያደርግ ሰው የሚያሰልፈው ቍጥሮቹን እንጂ ወረቀቶቹን አይደለም።

ጥቅሙ ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን ኪሳራ አለው። የኤስኤስዲ ክፍሎች የሚጻፉትና የሚሰረዙት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማሰባሰብ ደግሞ ብዙ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ቢደረግ ዲስኩን አይገድለውም፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት ዕድሜውን መቀነስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ኤስኤስዲ መሆኑን ባወቀበት ላይ የሳምንቱን ዲፍራግ የተወው ስለዚህ ነው። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 የመሣሪያውን ስም ከዲፍራግ ወደ ዲስክ ማመቻቸት ለወጠው፤ በኤስኤስዲም ላይ ዋናው ሥራው ባዶ የሆኑትን ቦታዎች ለተቈጣጣሪው ማስታወቅ ሆነ፤ ይህም ትሪም ይባላል። ስለዚህ በዛሬው ዊንዶውስ ላይ ያንን ቍልፍ የሚጫን ሰው፥ እንደ ዲስኩ ዓይነት፥ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎችን ያዝዛል። ከምክሩ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ይህን ልዩነት አያነሡትም።

ስለ ተቃራኒው ወገን

ይህን ስንል ዲፍራግ ምንም አይረባም የሚሉትን ሰዎች መደገፋችን አይደለም። እነርሱም በበኩላቸው ከአዲሱ ዲስክ የተማሩትን በአሮጌው ላይ ይፈርዱበታል። የሚሽከረከር ዲስክ ያላቸው ኮምፒዩተሮች በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬም አሉ፤ ብዙ መረጃ በርካሽ ለማኖርም ይኸው ዲስክ ይመረጣል። ዲስኩ ለብዙ ጊዜ ሳይሰበሰብ የቈየ፥ ሊሞላ የተቃረበና ትልልቅ ፋይሎች በተከታታይ የሚነበቡበት ከሆነ፥ ማሰባሰብ በግልጽ የሚታይ ፍጥነት ያመጣል። የፊልምና የድምፅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያውቃሉ።

ባንጻሩ ግን የውሂብ መዝገብ ፋይል፥ ምንም ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥ፥ ጥያቄ በመጣ ቍጥር ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ስለሚነበብ ክንዱ መመላለሱን አይተውም፤ ስለዚህ ከማሰባሰብ የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። እንግዲህ ዲስኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ እንኳ መልሱ እንደ ሥራው ይለያያል።

ስለ ዘገየ ኮምፒዩተር ምን ይደረግ ለሚል፥ ከዚህ ምርመራ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይወጣል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጽሑፍ ሁሉ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ቀጥሎ የዲስኩ ጤና ይታይ፤ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ፥ ፋይል ሲነበብ ስሕተት የሚያወጣ ዲስክ ከሆነ ዲፍራግ አይደረግበት፤ ማሰባሰብ ክንዱን ለብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራው ውድቀቱን ያፋጥነዋል። ከዚያ ራሙ በቂ መሆኑ ይመርመር፤ ራሙ ሲጠብብ ስርዓቱ ዲስኩን እንደ ራም ስለሚጠቀምበት ዲስኩ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ይህን የሚፈውሰው ራም መጨመር ወይም ጥቂት ፕሮግራም መክፈት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞችም ይቀነሱ። ባዶው ቦታ ጥቂት ከሆነ ይስፋ፤ የዊንዶውስ ኤክስፒ መሣሪያ በሚገባ ለመሥራት ከመቶ 15 እጅ ባዶ ቦታ ይጠይቅ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ዲፍራግ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነና የሳምንቱ መርሐ ግብር ተቋርጦ ከነበረ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ግን የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስኤስዲ ቢለውጥ፥ ማናቸውም ማሰባሰብ የማያመጣውን ፍጥነት ያገኛል፤ ከመንገዱ ጋር የነበረው ጣጣ ሁሉ ይቀርለታልና።

መደምደሚያ

ላነሣናቸው ሦስት ጥያቄዎች ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ምክሩ ሲነሣ እውነተኛ ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም የክንዱ መመላለስ ነበር። ያ ምክንያት ዛሬ በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ በከፊል አለ፤ ይሁን እንጂ የተሻለ የፋይል ሥርዓትና በየሳምንቱ በራሱ የሚሠራው መሣሪያ አቅልለውታል። በኤስኤስዲ ላይ ግን ከሞላ ጎደል የለም። ማስረጃ ተብለው የሚቀርቡት የመቶኛው ቍጥር፥ የቀለሙ ሥዕልና የግል ምስክርነት ደግሞ፥ ጊዜን ስለማይለኩ፥ ስለ ፍጥነት ሊመሰክሩ አይችሉም።

ምክር ከምክንያቱ ጋር አብሮ ሲነገር ዕውቀት ነው፤ ከምክንያቱ ሲለይ ግን ልማድ ይሆናል። ልማድም ዘመኑ እንዳለፈበት ራሱ አይናገርም። ስለዚህ ለወደፊቱ «ዲፍራግ አድርገው» የሚል ሰው ሲያጋጥመን፥ ልንጠይቀው የሚገባን «ዲስኩ ክንድ አለውን? የዘገየው የትኛው ሥራ ነው? በስንት ሰከንድ?» ብለን ነው። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ምክሩን ቢሰጥ እንሰማዋለን።